ስለ ዐቃብያነ ዐጸድ፤ ከጉና ራስ እስከ ጣና ዳር

«ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ነው። ከዚህ ግስ የተወለደው ስምና ማዕርግ በአገራችን ብዙ ነው። በቀድሞው ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ መምህር በንጉሥ ዘንድ የሚከበርበት ማዕርግ ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ መጽሐፍ የሚጠብቀው ዐቃቤ መጻሕፍት፣ መድኀኒት የሚያውቀው ዐቃቤ ሥራይ፣ በፍርድ አደባባይ ስለ ሕግ የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግ ይባላል። የቤተ ክርስቲያንን ዐጸድ፣ ይኸውም ሕንፃውን እንደ ልብስ የከበበውን ደን፣ ቀንና ሌሊት ለሚጠብቀው ሰው ግን የወጣለት ስም የለም። ገበዝ አለ የሚል ቢኖር፣ የገበዝ ኀላፊነት በሕንፃውና በንብረቱ ሁሉ ላይ ነው፤ እኔ የምናገረው ከብት እንዳይገባ በቅጥሩ ሥር ስለሚውለው፣ የመጥረቢያ ድምፅ ሲሰማ ከእንቅልፉ ስለሚነሣው ሰው ነው። ማዕርግ የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ታሪክ መጽሐፍ የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

ይህን ማለቴ የቀድሞዎቹን ጸሓፊዎች ለመውቀስ አይደለም፤ ልማዳቸው የታወቀ ነው። ዜና መዋዕል የሚጽፈው የንጉሡን ዘመቻና ሹመት ይጽፋል፤ በወንጌሉ ኅዳግ የሚጽፈውም ማን ምን ያህል ጉልት እንደ ሰጠ፣ ምስክሮቹም እነማን እንደ ነበሩ ያኖራል። የመናገሻን ደን ነገር ለምሳሌ እንመልከት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ እንዳስተከሉ በቃል ሲነገር የኖረ ነው፤ ደኑም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የንጉሡ ስም በሁሉ አፍ አለ። ዘሩን ከጣርማ በር ወዲያ ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው፣ ችግኙን ያጠጣው፣ ፍየል እንዳይበላው የከለከለው ግን ማን ነው? የሰዋስው መምህር «አስተከለ» ያለውን ግስ ሲፈታ አድራጊና አስደራጊ ሁለት መሆናቸውን ለተማሪው ያስረዳል። ታሪካችን አስደራጊውን ይዞ አድራጊውን ጣለው፤ «አስ» በምትለው ቅጥያ ሥር ብዙ ሕዝብ ተቀብሯል።

እኛ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ባሕር የለንም፤ የሚቀርበን ባሕር ጣና ነው። እርሱም ሩቅ መስሎ ይታየን እንደ ሆነ ነው እንጂ ሩቅ አይደለም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ የጉማራ ውሃ ከሚሰበሰብበት አገር አንዱ ወገን የእስቴ ምድር ነው። በእኛ ዳገት ላይ ዛፍ ሲቈረጥ የሚታጠበው አፈር የሚያርፈው በጣና ዳር ነው። ስለዚህ የደጋውን ዐጸድ ጠባቂና የሐይቁን ዳር ጠባቂ ለያይቼ ልጽፍ አልቻልሁም።

ከሐይቁ ልጀምር። በጣና ደቡብ ዳር ወደ ውሃው የገባ የዘጌ ምድር አለ። መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያም፣ አዝዋ ማርያም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚገኙት በዚሁ ነው። በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል እንደ ሆነ፣ ይህንንም ሥርዐት የሠሩት አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ አባቶች ለልጆች ሲነግሩ ኖረዋል። ሕዝቡም በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እያለማ፣ እህሉን ከውጭ እየገዛ ኖረ። በጣና ዙሪያ ያለው አገር አብዛኛው ታርሶ ሜዳ ሲሆን ዘጌ ደን ሆና ቀረች።

ስለ ዘጌ የሚናገር ሁሉ ጻድቁን ያመሰግናል፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ክልከላ በራሱ እጅና እግር የለውም። ክፉ ዓመት ሲመጣ፣ የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ እህል ሲወደድ፣ «አንድ ጥንድ በሬ ባስገባ ልጆቼ በጠገቡ» ብሎ ያላሰበ አባወራ በዘጌ አልኖረም ማለት የሰውን ጠባይ አለማወቅ ነው። አሰበ፤ ነገር ግን ተወው። ይህ መተው አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ነገር አይደለም፤ በየቤቱ፣ በየክረምቱ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲደረግ የኖረ ሥራ ነው። የዘመተ ሰው ቁስሉን ያሳያል፤ ያነጸ ሰው ግንቡን ያሳያል፤ ያልቈረጠ ሰው ግን የሚያሳየው ዛፉን ብቻ ነው፤ ዛፉም የእገሌ ነኝ ብሎ አይናገርም። ስለዚህ የዘጌ ገበሬ ከሥርዐቱ ሠሪ ጋራ አብሮ ሊጠራ ይገባው ነበር እላለሁ።

በዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም በዚያ ስለሚገኝ፣ የሚሻገረው እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ነገሥታቱ ነው። ከታንኳ ወርዶ ወደ ላይ ሲወጣ በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚሄድ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። በደሴት ለሚኖር ሰው ግን ቅርቡ ማገዶ የደሴቲቱ ዛፍ ነው። ስንት መቶ ዓመት ምግብ የበሰለበት ገዳም ደኑን ሳይጨርስ መኖሩ፣ በየዘመኑ አንድ መነኵሴ «እርጥቡን ተው፣ የደረቀውን ልቀም» እያለ ረድኡን ሲቈጣ ስለ ኖረ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ደጋ እንመለስ። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት መንገድ የሄደ ሰው፣ ከሩቅ በታረሰው ሜዳ መካከል ክብ ሆኖ የጠቈረ ነገር ሲያይ «ያ ደብር ነው» ብሎ ሳይጠይቅ ያውቃል። ይህ ምልክት እንዴት ተጠበቀ? እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መልሱ ቀላል ይመስል ነበር። የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከመሬት ጋራ የተያያዘ ነበርና፤ ገበዙ በገበዝነቱ፣ ቀዳሹ በቅዳሴው፣ ደብተራው በማኅሌቱ የሚበላው መሬት ነበረው፤ ዐጸዱን የሚጠብቀውም ከዚያው የሚደርሰው ነበረው። ጠባቂነት እንግዲህ ግብር ነበር፤ በነጻ የተደረገ አልነበረም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ፤ ቤተ ክርስቲያንም ርስትና ጉልቷን አጣች። የቀረላት ቅጥር ግቢዋ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የዓለሙን ልማድ የሚያውቅ ሰው፣ «መሬቱ ሲሄድ ጠባቂውም ይሄዳል፤ ጠባቂው ሲሄድ ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሆናል» ብሎ ቢፈርድ ፍርዱ ከልምድ የተነሣ በሆነ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ የነበረው ደን እኮ በብዙ ቦታ እንዲሁ ሆኖ አልቋል። በቅጥሩ ውስጥ የነበረው ግን በብዙው ደብር ቆመ። ሁሉ ቆመ ማለቴ አይደለም፤ ተራቍቶ ሦስት ወይራና አንድ ዋርካ ብቻ የቀረለት ደብር አለ። ነገር ግን የቆመው ዐጸድ፣ ደመወዝና መሬት ከሌለው ሰው እጅ በቀር በሌላ ኀይል አልቆመም። በአገራችን ታሪክ ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚጽፍ ሰው ቢነሣ ከዚህ ዓመት ይጀምር ዘንድ እመክረዋለሁ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጠባቂ ዋጋው ከመሬቱ ጋራ ተደባልቆ ስለሚታይ የልቡን ፈቃድ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን እንደ ተነጠረ ወርቅ ብቻውን ይታያል።

እነዚህን ሰዎች ምን ያዛቸው? ግዝት ነው የሚሉ አሉ፤ ግዝትም ኀይል አለው። ነገር ግን ግዝት የሚያስፈራው የሚቈርጠውን እንጂ ሌሊት ተነሥቶ የሚጠብቀውን አይደለም። የአባቶች መቃብር በዛፉ ሥር መሆኑ ከዚህ ይበልጣል ብዬ አስባለሁ፤ የአባቱን ራስጌ ያጠለለውን ዛፍ ለጅራፍ እጀታ እንኳ የሚሰጥ የለም። ደግሞም ትምህርት ቤቱ በዚያው ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት መሆናቸውን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የቅኔ ተማሪም እንደ ታወቀው ቅኔውን ሊቈጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዛፍ ሥር ይሄዳል፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በዐጸዱ ውስጥ የሚዘዋወር እርሱ ነውና የሌባውን መጥረቢያ ከማንም አስቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። በአንድ እጁ አኮፋዳውን፣ በሌላው እጁ በትሩን ይዞ የሰው ፍየል ሲያባርር የታየ ተማሪ ስንት ነው! ኋላ መምህር ወይም ሊቀ ጠበብት ሲሆን ስለ ቅኔው ይነገርለታል፤ ስለ ፍየሉ የሚያስታውስለት የለም።

የተጠበቀው ነገር መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የአገራችን የደን ሊቅ፣ በደቡብ ጎንደር ካሉት ከ1,000 ከሚበልጡት አብያተ ክርስቲያናት 28ቱን መርጠው ዐጸዳቸውን ዛፍ በዛፍ መረመሩ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የምርምር መጽሐፍም ስለዚሁ ነው። በነዚያ 28 ዐጸዶች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኘ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ብሳናው፣ ሌላውም ሁሉ። እኒህ ከቅጥሩ ውጭ ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ ናቸው። ደን እንደገና ላልማ የሚል መንግሥት ወይም ገበሬ ዘር የሚለቅመው ከእነዚህ ዐጸዶች ነው፤ ከሌላ ከየት ያመጣል?

በዚያው ምርመራ ሌላ ነገር ተገለጠ። ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው የሚበቅለው ቡቃያ ብዙ ጊዜ አያድግም፤ ከብት ገብቶ ይረግጠዋል፣ ይበላዋልም። ይህ ደን የሚኖረው ሽማግሌዎቹ እስኪወድቁ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዶክተር ዓለማየሁ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የዛፍ ተመራማሪ ጋራ ሆነው በአንዳንድ ዐጸድ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት ጀመሩ። ካቡ የተካበው ገበሬው ከእርሻው እየለቀመ ባመጣው ድንጋይ ነው፤ እርሻውም ከድንጋይ ጠርቶለት ተጠቅሟል። ይህ ሥራ በውጭ አገር መጽሔት ሁሉ ተጽፎ የሁለቱ ሊቃውንት ስም ተመስግኗል፤ ምስጋናውም ተገብቷቸዋል። ድንጋዩን በትከሻው የተሸከመው ምእመን ግን በፎቶግራፉ ላይ «የአካባቢው ሕዝብ» ተብሎ ይጻፋል። የዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ልማድ መልኩን ለውጦ መመለሱን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ወገን ነገር ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በዐጸዱ ላይ የሚነሣው ጠላት ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ሲቸግረው አገር በቀሉን ዛፍ አስወጥቶ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎ ይሸጣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ባጣች ጊዜ ይህ እንግዳ ዛፍ መጥቶ ከተማይቱን ከመፍለስ ያዳናት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ቦታው የገበሬው ማሳ ዳር እንጂ የታቦት ዐጸድ አይደለም። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል። ደግሞም አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ሰፊ ሕንፃ ሲሠራ፣ አዳራሽና የሚከራይ ሱቅ ሲጨመርበት፣ የሚቈረጠው መቶ ዓመት የኖረ ዛፍ ነው። ያን ጊዜ ጠባቂው አለቆቹን «ተዉ» ለማለት ቃል ያጥረዋል፤ ሌባ ሲሆኑ የሚጮኽባቸው፣ አለቃ ሲሆኑ ዝም ይላቸዋል።

ከደጋው የታጠበው አፈር ወዴት እንደ ደረሰ ደግሞ በሐይቁ ዳር ታየ። እምቦጭ የሚባለው አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ግንዱ አየር የያዘ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሐምራዊ አበባው ዐይን የሚያታልል ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ሲሆን መጀመሪያ የታየው በቆቃና በአዋሽ ነው፤ በጣና ላይ ግን በ2004 ዓ.ም. ታወቀ። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል። ምግቡ ጎርፍ የሚያመጣው ለም አፈርና ማዳበሪያ ነው። ቀድሞ በወንዞቹ አፍ የነበረው ደንገል ጎርፉን እንደ ወንፊት ያጣራ ነበር፤ ደንገሉ ተነቅሎ ዳሩ ሲታረስ ወንፊቱ ጠፋ። በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ዳሩ አረንጓዴ ሜዳ መሰለ፤ ታንኳ አላልፍ አለ፤ ወደ ጉማራና ወደ ርብ እየወጡ የሚራቡት፣ በሌላ ዓለም የማይገኙት ዓሦች መንገድ ተዘጋባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጣናን በዓለም የሕይወታዊ ክልል መዝገብ ያገባው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ መዝገቡ የክብር ነው፤ አረሙን የሚነቅል እጅ ግን የለውም።

የነቀሉት ገበሬዎች ናቸው። የአጨዳ መኪና ቢመጣም ጥልቀት በሌለው ዳር መግባት አይሆንለትም፤ በዚያ የሚያስፈልገው እጅ ነው። ከወገባቸው እስከ ደረታቸው በውሃ ቆመው፣ አልቅትና ብልሃርዝያ ሳይፈሩ እየነቀሉ ወደ ደረቅ መሬት ጎተቱት፤ ፀሐይ ሲመታው ይሞታልና። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ200 የሚበልጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለትም ጣና የኛ ነው እያሉ ከኦሮምያ መጥተው ከነዚሁ ገበሬዎች ጋራ ውሃ ውስጥ ገቡ። ያ ቀን በጋዜጣ ሁሉ ተነገረ፤ ለአገሪቱም ፖለቲካ ትልቅ ነገር ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ብዙ ሕዝብ ወጣ። እንግዳው ሲመለስ፣ ዘመቻውም ሲያበቃ፣ በማግስቱ አረሙን ያገኘው ያው የዳሩ ገበሬ ነው። እምቦጩ የሚበረታው ክረምት ሲወጣ ነው፤ የፎገራ ሩዝ የሚደርሰውም ከዚያ ተከትሎ ነውና፣ ሐይቁ ለሚወስደው ለእያንዳንዱ ቀን ገበሬው ከአዝመራው ቀን ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ስናገር ከአባቶች የሚነሣብኝን ተቃውሞ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «በጎ ሥራ በስውር ይደረግ ዘንድ ጌታ አዝዟል፤ አንተ ግን መለከት ትነፋለህ፤ ጠባቂው ዋጋውን ከሰው ከተቀበለ ከእግዚአብሔር ምን ይቀረዋል?» ይሉኛል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ አንድ የዐጸድ ጠባቂ ስሙ በአደባባይ ሲጠራ ደስ ብሎት ከዚያ በኋላ ለመጠራት ብቻ ቢጠብቅ ጕዳቱ የነፍስ ነው። ነገር ግን ያ ትእዛዝ የተሰጠው ለሠሪው ነው፤ ላየው ሰው ዝም በል የሚል ትእዛዝ አልተሰጠም። ስንክሳራችን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው፣ በበረሓ የተሰወሩ፣ ስማቸውን የደበቁ፣ ማንም እንዳያውቃቸው የለመኑ ሰዎች ዜና የሞላበት ነው። እነርሱ ሸሸጉ፤ ሌላው ጻፈ። ጸሓፊው ባይኖር ኖሮ ዛሬ በስማቸው የምንጠመቅ፣ በበዓላቸው ዝክር የምንዘክር አይደለንም። ሠሪውም ይሸሽግ፣ ያየውም ይጻፍ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሐውልት ይቁም፣ ሽልማት ይሰጥ አላልሁም፤ ይህን የሚያደርጉ ሌሎች አሉ፤ ከገንዘብ ጋራ የመጣ ምስጋና ደግሞ የ1967ቱን ነገር መልሶ ያደበላልቅብናል። በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው አለ፤ ጸሓፊና መዝገብም አለው። በዚያ መዝገብ የዐስራቱና የሙዳየ ምጽዋቱ ሒሳብ ይጻፋል፤ ለዐጸዱም አንድ ገጽ ይሰጠው። ካብ የካበው፣ ችግኝ የተከለው፣ ሌሊት የጠበቀው ሰው የዓለም ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንዳገለገለ ይጻፍ። ጠባቂው ራሱ እንዲያነበው የግድ አይደለም። ያለፉትን ደግሞ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ገና ስላሉ፣ ከየአጥቢያው ሁለት ሦስት ሰው ተጠርቶ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ቢያስቈጥር ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም። ስመ ክርስትናውን መጻፍ እንዳይረሳ፤ በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ ካህኑ የሚፈልገው እርሱን ነው።